ሚዛን በሞተር ውስጥ



ከጋሸና ወደ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ስንጓዝ ሚኒባሱ ዳገቱን ሲይዝ ወንበሩም መስኮቱም ይንቀጠቀጣል። ላንድክሩዘሩ ግን ለስለስ ብሎ ያልፈናል። ልጆቻችን «ለምን?» ቢሉን መልሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ የሲሊንደሮቹ ብዛትና አሰላለፍም ነው።

በባጃጅ ሞተር ውስጥ አንድ ፒስቶን ብቻውን ይመላለሳል፤ የሚመክትለት ጓደኛ ስለሌለው ይንቀጠቀጣል። በብዙ ሚኒባሶች አራት ፒስቶኖች በአንድ መስመር ተሰልፈው ሁለቱ ሲወጡ ሁለቱ ይወርዳሉ። ሆኖም ፒስቶን በላይኛው የጉዞው ግማሽ ከታችኛው ይልቅ ስለሚፈጥን ሂሳቡ አይጣፋም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ የሚመታ ንዝረት ይተርፋል። ባለ 4.2 ሊትሩ የላንድክሩዘር ናፍጣ ሞተር ግን ስድስት ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ ስላሉት የአንዱ ግፊት በሌሎቹ ይካካሳል።

ንዝረት ብሎን ያላላል፤ ሞተሩን የተሸከሙትን ጎማዎችም ያደክማል። ዳገት ላይ ማርሽ ሳይቀንሱ ሞተሩን ማስጨነቅ ደግሞ ንዝረቱን ያብሳል፤ የውስጥ አካላቱንም ቶሎ ይበላል። ትናንት ያልነበረ መንቀጥቀጥ ዛሬ ከተሰማ አንዱ ሲሊንደር ሥራ አቁሞ ሊሆን ስለሚችል መኪናው ሳይፈተሽ ሰው አይጫንበት።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አር-ረሕማን ስለ ሰማይ ከፍታ ሲነግረን ሚዛንንም አያይዞ ያነሳል። ሚዛን በገበያ ብቻ የሚጠበቅ አይደለም። ተሳፋሪ አማና ነው፤ ሾፌር ወንድሞቻችንና ባለ ንብረቶች መኪናቸው ሲንቀጠቀጥ ሰምተው እንዳልሰሙ አይለፉ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።