የሳር ክዳን የደፋ ቪላ

ሰሞኑን አንድ ባለሀብት ወዳጄ በከፋ ደን ውስጥ ሊሠራ ያሰበውን የቅንጦት ሎጅ ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አሳየኝ። ሥዕሉ ያምራል፣ ሐሰት አልናገርም። 16 ጎጆዎች ከመሬት ከፍ ብለው በእንጨት እግር ቆመዋል፤ ክዳናቸው ሳር፣ ግድግዳቸው ቀርከሃ፣ መብራታቸው ከፀሐይ። በየበረንዳው ደግሞ ዛፍ ዛፉን እያዩ የሚዘፈዘፉበት ገንዳ። «ደኑን ንክች አናደርገውም፤ ኢኮ ሎጅ ነው» አለኝ በኩራት። በዚህ አገር ሳር ክዳን የደፋ ቪላ ሁሉ «ኢኮ» መባል ከጀመረ ሰንብቷል።

እስቲ ከገንዳው እንነሳ። አንዱን ለመሙላት 160 ሊትር ያህል ውሃ ይፈጃል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ስምንት ማለት ነው። «ከፋ ደግሞ ዝናብ መቼ አጣ?» ትሉኝ ይሆናል። አላጣም። የእኔ ጥያቄ ውሃው ወዴት ይሄዳል ነው። ሻምፖው፣ የአንሶላው በረኪና፣ የወጥ ቤቱ ቅባት ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል። ከታች ምንጭ አለ፤ ከምንጩ የሚቀዳ ሰው አለ። በንድፉ ላይ የገንዳው ቀለም ሳይቀር ተጽፏል። የፍሳሹ መስመር ግን ቀጥን ብሎ ሄዶ ሄዶ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ይጠፋል።

እንጨቱስ? «የአካባቢ ቁስ ነው የምንጠቀመው» ይላሉ። የአካባቢው ቁስ ዋንዛና ዝግባ ከሆነ እኮ ጉድ ፈላ! በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና የአበሻ ጥድን ሊጠፉ የተቃረቡ ብሎ ጥበቃ የሰጣቸው ለእንግዳ መቀበያ ምሰሶ እንዲሆኑ አልነበረም። ከገበሬ ማሳ ባሕር ዛፍ መግዛት ይቻላል፤ ለፎቶ አያምርም እንጂ።

ይህ ሁሉ ግን ከመንገዱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ጎጆውን በእንጨት እግር ማቆም ይቻላል፤ ሲሚንቶ የጫነ ገልባጭ መኪና ግን በእግሩ ጣት አይራመድም። ደኑ ተሰንጥቆ መንገድ ይከፈትለታል። ሎጁ ተመርቆ ሪባን በተቆረጠ ማግስት በዚያው መንገድ አይሱዙ ይከተላል፤ ባዶውን ገብቶ ጣውላና ከሰል ጭኖ ይወጣል። ቀጥሎ ሻይ ቤት፣ ቀጥሎ ሰፈር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አርክቴክቱ «አሻራው ትንሽ ነው» ሲል የለካው የምሰሶዎቹን ጉድጓድ ነው፤ መንገዱን የሚለካ የለም። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አለን፤ ሰነዱ ግን ብዙ ጊዜ ፈቃድ ለመውሰድ ሲባል ብቻ ይዘጋጃል።

«ሎጁ ባይሠራ ደኑ ለሻይና ለቡና ይመነጠራል» የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ውሽውሽ ላይ የሻይ ተክሉ የቱን ደን ተክቶ እንደቆመ አላፊ አግዳሚው ያያል። ደኑ ገቢ ማምጣት አለበት። ግን ለማን?

የከፋ ደን በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባለቤት አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። የከፋ ሰዎች ኮቦ የሚሉት ሥርዓት አላቸው፤ የደኑ ክፍል የእገሌ ነው ይባላል፣ ባለኮቦው ቀፎውን ይሰቅልበታል፣ ቡናውንና ኮረሪማውን ይለቅምበታል። ከተማ ሆነን «ድንግል ደን» የምንለው ቦታ እያንዳንዱ ትልቅ ዛፍ የሚያውቀው ባለቀፎ አለው። ታዲያ በወዳጄ ንድፍ ላይ ያ ሰውዬ የት ገባ? ዘበኛ ሆኗል። ያውም ዩኒፎርም ተለክቶለት!

ሌላ ዓይነት ሎጅ መሥራት ይቻላል። በፔሩ የአማዞን ደን፣ በታምቦፓታ ወንዝ ዳር ፖሳዳ አማዞናስ የሚባል አለ። ኢንፊዬርኖ የተባለው ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1996 ከአንድ አስጎብኚ ኩባንያ ጋር የ20 ዓመት ውል ተፈራረመ፤ ከትርፉ 60 በመቶ ለማኅበረሰቡ፣ 40 በመቶ ለኩባንያው፣ ውሳኔው እኩል በእኩል። ሎጁን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ክፍሎቹ በደኑ በኩል ግድግዳ የላቸውም። እንግዳው ይህን ብሎ ውቅያኖስ ተሻግሮ ይመጣል። ንድፉ የጀመረው ከውሉ ነው፤ ሳሩ በኋላ መጣ።

ባለሀብቶቻችን ይህን ሲሰሙ «ማኅበር ያጨቃጭቃል» ይላሉ። ያጨቃጭቃል። ግን ላንጋኖ ዳር የነበረውን ቢሻንጋሪ ሎጅ አስታውሱ፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በተነሳው ሁከት ተቃጠለ። የሁከቱ ሰበብ አገራዊ ፖለቲካ ነበር፤ ቃጠሎውንም ጤነኛ ሰው አይደግፈውም። እንዲያ ያለ ቀን ሲመጣ ግን ከአጥርና ከዘበኛ ይልቅ «የእኔም ነው» የሚል ጎረቤት ይሻላል ባይ ነኝ።

ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው። ከደኑ ውስጥ ውጣና ጠርዙ ላይ፣ የተራቆተ መሬት ፈልገህ ሥራ። መኪናው ሦስት ኪሎ ሜትር ርቆ ይቁም፣ ሻንጣውን የገበሬው በቅሎ ትጫን፣ ለበቅሎዋም ይከፈላት። ገንዳውን እርሳው። «የቅንጦት እንግዳ በእግሩ አይሄድም» አለኝ። በእግሩ መሄድ ለከበደው ሰውማ ቦንጋ ከተማ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ሆቴል አለለት።