ጠያቂ አያሳጣን

በአገራችን የታመመ ሰው ሲመረቅ «ጠያቂ አያሳጣህ» ይባላል። ምርቃቱ ለታመመ ሰው ብቻ መቅረቱ ያሳዝናል። ሥልጣን የያዘ ሰውም ጠያቂ ሲያጣ ይታመማልና፤ የዚህ ሕመም ክፋቱ ደግሞ ሥቃዩ የሚጸናው በታማሚው ላይ ሳይሆን በሚያስተዳድረው ሕዝብ ላይ መሆኑ ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ ባለፈው ዓመት የተገኘሁበት አንድ የተማሪዎች ስብሰባ ነው። ከመኝታ ቤቶቹ በአንዱ ውኃ ከተቋረጠ ሁለት ወር አልፎት ነበር። አንድ ተማሪ ተነሥቶ ለጥገና የተመደበው ገንዘብ የት እንደ ደረሰ ጠየቀ። ኃላፊው ረጋ ብለው «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው፤ በቅርቡ ይስተካከላል» አሉ። አጨበጨብን። ከወር በኋላ ያው ጥያቄ ሲነሣ «እኔ እንዲያ አላልሁም» አሉ። ቃለ ጉባኤው ቢገለጥ «ስለ ውኃ ጉዳይ ውይይት ተደረገ» ከሚል አንድ መስመር በቀር የተጻፈ ነገር አልተገኘም። ኃላፊውን ውሸታም ለማለት ማስረጃ የለንም፤ እውነተኛ ለማለትም እንዲሁ። ጥፋቱ የእኛው ነበር።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ስብሰባ አዳራሽ ስንገባ ግን ከበር ላይ ትተነው እንገባለን። ስለዚህ ዛሬ ላመለክት የምፈልገው፣ የሕዝብ እንደራሴ በእጁ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ጩኸት የሌለው ነገር ግን ብዙ የሚያስጨንቀው መሣሪያ በጽሑፍ የሚቀርብ ጥያቄ መሆኑን ነው።

ይህ ሥርዓት ጎልቶ የሚታየው በእንግሊዝ ፓርላማ ነው። በዚያ አገር ለመንግሥት ቀረበ ተብሎ የተመዘገበው የመጀመሪያው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1721 በላይኛው ምክር ቤት የተነሣው ነው። የሳውዝ ሲ ኩባንያ ወድቆ ብዙ ሰው በተራቆተበት ጊዜ የኩባንያው ገንዘብ ያዥ ከአገር ኰብልሎ ነበርና፣ ሎርድ ካውፐር የሰውየው መያዝ እውነት እንደ ሆነ ሚኒስትሩን ጠየቁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጠፋ ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል። በታችኛው ምክር ቤት በጽሑፍ መልስ የመስጠት ሥርዓት የተደነገገው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። የቃል ጥያቄው በዝቶ ጊዜ አልበቃ ብሎ ነበርና።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንደራሴው ጥያቄውን ጽፎ ለምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ያስገባል። ጥያቄው ንግግር መሆን የለበትም፤ ስድብና ሐሜት አይቀላቀልበትም፤ ሚኒስትሩ በሚመራው ሥራ ላይ ብቻ ያተኰረ መሆን አለበት። ተራ ጥያቄ እንደ ልማዱ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲመለስ ይጠበቃል። እንደራሴው ከፈለገ የመልሱን ቀን ራሱ መቍረጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ግን በቀን ከአምስት እንዳይበልጥ ተወስኗል። መልሱን የሚያረቁት የሚኒስቴሩ ጸሐፊዎች ቢሆኑም የሚወጣው በሚኒስትሩ ስም ነው። ጥያቄው፣ መልሱ፣ የጠያቂውና የመላሹ ስም፣ ቀኑም ጭምር ታትሞ ማንም ሰው እንዲያነበው ይቀመጣል። በዓመት በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች በዚህ መንገድ ያልፋሉ።

የቃል ጥያቄ ጥቅም የለውም አልልም። ነገር ግን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ረቡዕ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት ሲጠየቅ የተመለከተ ሰው፣ ከመልሱ ይልቅ ጫጫታውን ያስታውሳል። ምላሰ ፈጣን የሆነ ሚኒስትር በአንድ ቀልድ ያመልጣል። በወረቀት ላይ ግን ቀልድ አያስቅም። «ስንት ነው? መቼ ነበር? ማን ፈረመበት?» ለሚል ጥያቄ የሚያምር ንግግር መልስ ሊሆን አይችልም።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2 ቀን 1982 በፎክላንድ ደሴቶች ጦርነት የእንግሊዝ ባሕር ሰርጓጅ መርከብ ኮንከረር፣ ጄኔራል ቤልግራኖ የተባለውን የአርጀንቲና የጦር መርከብ መትቶ ሲያሰጥም 323 ሰዎች ሞቱ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ከሁለት ቀን በኋላ ለምክር ቤቱ ሲናገሩ፣ መርከቡ ወደ እንግሊዝ ጦር እየተጠጋ ነበር አሉ። ሚስተር ታም ዳሊዬል የተባሉ የሌበር ፓርቲ እንደራሴ ይህ አልዋጥ አላቸው። ስለዚህ መጠየቅ ያዙ። መርከቡ መጀመሪያ የታየው መቼ ነው? አቅጣጫው ወዴት ነበር? ትእዛዙስ በስንት ሰዓት ተሰጠ? እየመላለሱ ስለ ጠየቁ ብዙ ሰው ተሰላቸባቸው፤ ጋዜጦችም አሾፉባቸው። እርሳቸው ግን አልተዉም።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1984 ጠቅላይ ሚኒስትሯ በጻፉት ደብዳቤ፣ መርከቡ የታየው ቀደም ሲል ከተነገረው ቀን በፊት መሆኑን አመኑ። መርከቡም በተመታበት ሰዓት ከደሴቶቹ እየራቀ ይሄድ ነበር እንጂ አይጠጋም ነበር። በዚያው ዓመት ለዳሊዬል ጥያቄዎች መልስ ከሚያረቁት ሰዎች አንዱ የነበሩት ሚስተር ክላይቭ ፖንቲንግ፣ እንደራሴው እውነተኛውን መልስ እንደማያገኙ ባዩ ጊዜ ሁለት ሰነዶች በፖስታ ላኩላቸው። የመንግሥት ምሥጢር አውጥተዋል ተብለው ቢከሰሱም እ.ኤ.አ. በየካቲት 1985 የተሰየመው የሕዝብ ፍርድ ሰጪ ጉባኤ ነጻ አወጣቸው።

መርከቡን መምታት በጦር ሕግ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ተገቢ ነበር የሚሉ ብዙ አዋቂዎች አሉ። የእኔ ነገር ሌላ ነው። አንድ ተራ እንደራሴ፣ ያውም የተቃዋሚ ወገን ሆኖ፣ ሠራዊትም ዳኝነትም ሳይኖረው፣ መንግሥት የተናገረውን ቃል በወረቀት ብቻ እንዲያርም አደረገ። ጥያቄው ከሚኒስትሩ አልፎ መልሱን የሚጽፈውን ጸሐፊ ሕሊና እስከ መውቀስ ደረሰ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ሚኒስትር እኮ መሸሸግ አያቅተውም» ሊለኝ ይችላል። እውነት ነው፤ አያቅተውም። በእንግሊዝ አገር መልሱን ማዘጋጀት ከ850 ፓውንድ በላይ የሚያስወጣ ከሆነ ሚኒስትሩ «ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል» ብሎ ለመመለስ እንቢ ማለት ይፈቀድለታል። ያልተጠየቀውን በሰፊው መልሶ የተጠየቀውን መዝለልም የታወቀ ዘዴ ነው። ከዚህ የከፋም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1985 ለኢራቅና ለኢራን ስለሚሸጥ የጦር መሣሪያ መመሪያ ወጥቶ ነበር። በ1988 መጨረሻ ሦስት ምክትል ሚኒስትሮች መመሪያውን በዝምታ አላሉት። እንደራሴዎች ሲጠይቁ ግን የሚሰጣቸው መልስ መመሪያው አልተለወጠም የሚል ነበር።

ታዲያ ምን ተጠቀሙ? የተጠቀሙት ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የአንድ ፋብሪካ ኃላፊዎች ሕግ ጥሳችሁ ለኢራቅ ሸጣችሁ ተብለው ተከሰው ክሱ በፈረሰ ጊዜ፣ ዳኛው ሰር ሪቻርድ ስኮት እንዲመረምሩ ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ባወጡት አምስት ቅጽ ሪፖርት፣ ለምክር ቤቱ የተሰጡትን መልሶች በየቀናቸው ደርድረው ከምሥጢር ሰነዶቹ ጋር አመሳከሩአቸው። መንግሥት በምክር ቤቱ ድምፅ የዳነው 320 ለ319፣ በአንዲት ድምፅ ብልጫ ነው። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር ምክር ቤቱ፣ ሚኒስትሮች ትክክለኛና እውነተኛ መረጃ መስጠት እንዳለባቸው፣ እያወቀ ያሳሳተም ሥልጣኑን ይለቃል ተብሎ እንደሚጠበቅ ወሰነ። በቃል ቢዋሹ ኖሮ ነፋስ ይወስደው ነበር። በጽሑፍ የተዋሸ ውሸት ግን ባለቤቱን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

መሣሪያው በጠያቂዎቹም እጅ ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1994 አንዳንድ የእንግሊዝ እንደራሴዎች ጥያቄ ለማቅረብ ገንዘብ ተቀበሉ ተብሎ ትልቅ ቅሌት ሆነ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 የህንድ ፓርላማ በዚሁ ጥፋት 11 አባሎቹን አባረረ። ግን ጉቦ የሚከፈለው ዋጋ ላለው ነገር ነው፤ ዋጋ የሌለውን ጥያቄ ማን ይገዛዋል?

ሌላው የምሰማው ክርክር «ይህ ለእንግሊዞች ነው፤ አንድ ፓርቲ ገንኖ በሚገዛበት ድኻ አገር አይሠራም» የሚል ነው። ለዚህ መልሱ ህንድ ናት። እ.ኤ.አ. በ1957 የኮንግረስ ፓርቲ ፓርላማውን ሞልቶት ሳለ፣ የመንግሥት የሕይወት ኢንሹራንስ ድርጅት ከ12 ሚሊዮን ሩፒ በላይ አውጥቶ ሙንድራ የተባለ ነጋዴ የያዛቸውን ኩባንያዎች አክሲዮን ስለ መግዛቱ ጥያቄ ቀረበ። ነገሩን አጥብቀው የያዙት ሚስተር ፌሮዝ ጋንዲ የዚያው የገዢው ፓርቲ አባል፣ ያውም የጠቅላይ ሚኒስትር ኔሩ አማች ነበሩ። በዳኛ ከተመረመረ በኋላ የገንዘብ ሚኒስትሩ እ.ኤ.አ. በ1958 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ስለዚህ የሚያስፈልገው የተቃዋሚ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከራሱ ወገን ይልቅ የላከውን ሕዝብ የሚፈራ እንደራሴ ነው።

አገራችንም በክፉ ቀኗ ከዚህ መሣሪያ ተጠቅማለች። ፋሺስት በወረረን ጊዜ ሚስ ኤልነር ራትቦን በእንግሊዝ ፓርላማ ስለ ኢትዮጵያ እየመላለሱ ይጠይቁ ነበር። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ምሩቃን የመረጧቸው እንደራሴ መሆናቸውን ለእኛ ለተማሪዎች ማስታወስ ይገባል። ሚስ ሲልቪያ ፓንክረስትም እ.ኤ.አ. ከግንቦት 1936 ጀምሮ ባወጡት ጋዜጣቸውና በደብዳቤዎቻቸው እንደራሴዎቹን ጠይቁ እያሉ ይወተውቱ ነበር። ጥያቄው የጠላትን ጦር አላስቆመም። ነገር ግን የእንግሊዝ መንግሥት በዝምታ እንዳያልፍ፣ ያደረገውንም ያላደረገውንም በገዛ ቃሉ እንዲናገር አስገድዶታል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሚኒስትሮች ከሁለቱ ምክር ቤቶች አንዱ በድምፅ ብልጫ ሲጠራቸው ቀርበው በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልሱ ያዝዝ ነበር። ነገር ግን የሚጠየቁት ሊወጣ ስላለው ሕግ እንጂ ስለ ወጣው ገንዘብ አልነበረም። የሚሾማቸውና የሚሽራቸውም ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ነበሩ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ጥላ በላያቸው ነበረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣኖችን ጠርቶ እንዲጠይቅ፣ አሠራራቸውንም እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። በሩ በሕግ ተከፍቷል። ሕዝቡ አዘውትሮ የሚያየው ግን ብዙ አባላት ጥያቄያቸውን በተራ ሲያነቡና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም በአንድ ረዥም ንግግር ሲመልሱ ነው። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ መካከል አንዲቱ ብትዘለል መዘለሏን ማን ያስታውሳል?

መጠየቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በችሎት ፊት «ተጠየቅ» ሲባሉ ዝም ማለት ነውር እንደ ነበረ እናውቃለን። ዝም ያለ ይረታ ነበር። ያጣነው መጠየቁን ሳይሆን መመዝገቡን ነው።

ስለዚህ ፓርላማውን ከመውቀሳችን በፊት ከገዛ ማኅበራችን እንጀምር። የማኅበራችን ምክር ቤት አንድ የጥያቄ መዝገብ ይክፈት። ማንኛውም ተወካይ ስሙንና ቀኑን ጽፎ፣ ከሦስት መስመር ሳያስበልጥ፣ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ። የሥራ አስፈጻሚው አባል በአሥር ቀን ውስጥ ፈርሞ ይመልስ። «አላውቅም» ቢልም መልስ ነው፤ ፈርሞ ካለው። ጥያቄውም መልሱም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ አሥሩ ቀን ያለፈውም ጥያቄ «አልተመለሰም» ተብሎ እዚያው ይለጠፍ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው።

አንዳንድ የሥራ አስፈጻሚ አባሎች ይህን እንደ አለመታመን ሊቈጥሩት ይችላሉ። እኔ ግን ንጹሕ ሰው የሚጠቀምበት ይመስለኛል። ያ የውኃው ኃላፊ እውነታቸውን ከነበረ፣ አንድ የተፈረመ መስመር ከሐሜት ሁሉ ባዳናቸው ነበር። ዛሬ እዚህ ሦስት መስመር መጠየቅና አንድ መስመር መመለስ ያለመደ ተማሪ፣ ነገ እንደራሴ ወይም ሚኒስትር ሆኖ ይለምደዋል ብዬ አላምንም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ አቀርባለሁ፦ ለመኝታ ቤቱ ውኃ ጥገና የተመደበው ገንዘብ ስንት ነበር፣ ስንቱስ ወጣ፣ በማን ፊርማ?