ለመጻፍ ጸጥታ ከወዴት ይገኛል?

አንባቢ ሆይ፥ መጻፍ የሚወዱ ከሆነ ይህን ሳይናገሩት አልቀሩም፤ «እኔስ ብዙ የምጽፈው ነገር ነበረኝ፤ ነገር ግን ጊዜ አጣሁ፤ ጊዜ ባገኝ ቦታ አጣሁ፤ ቦታም ባገኝ ሐሳቡ እምቢ አለኝ።» እኛ መምህራን ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ እናበዛዋለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስናስተምር እንውላለን፤ ማታ የተማሪ ደብተር እንደ ነዶ ተከምሮ ይጠብቀናል፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ለክረምት እንቀጥረዋለን። ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፥ በደብረ ታቦር ጭጋጉ ከጉና ወርዶ ከተማውን ይሸፍነዋል፤ ሰውም ብርዱን ፈርቶ ከቤቱ ይከተታል። ለደራሲ ከዚህ የተመቸ ጊዜ ይገኛልን? ሆኖም መስከረም ሲጠባ «ስንት ገጽ ጻፍህ?» ብለው የጠየቁት መምህር ሁሉ፥ በቆርቆሮው ላይ ስለ ወረደው ዝናብ ያወራልዎታል።

አንድ ባልንጀራዬ ልብ ወለድ ለመጻፍ ቆርጦ ተነሣና፥ የባጃጅ ድምፅ ከማይሰማበት ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራየ። ጠረጴዛ አሠራ፤ መጋረጃ ሰቀለ፤ ጥሩ እስክርቢቶም ገዛ። በሦስተኛው ሳምንት መንገድ ላይ ሳገኘው፥ ጸጥታው እንቅልፍ እንደሚያመጣበት ነገረኝ።

ጸጥታን እንደ ዕቃ ከገበያ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አድርገን የምናየው ይመስለኛል። በአገራችን ግን ጸጥታን ከምንም የሚሠሩ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ አሉ። ይህ የደቡብ ጎንደር ደጋ የአብነት ትምህርት አገር ነው፤ የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተ ልሔም ያለችው በጋይንት ነው፤ የቅኔ ተማሪም ከደብር ወደ ደብር ሲዞር ይህን ምድር በእግሩ ያውቀዋል። እስቲ የዚህን ተማሪ ቀን ይመልከቱት። ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ይለምናል። ውሻ ያባርረዋል። ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል። የሚያድርበት ጎጆ ጠባብ ነው፤ አጠገቡ የሚያድሩትም ብዙዎች ናቸው። ጠረጴዛ የለውም፤ ወረቀትም አይፈልግም። በዚህ ሁሉ መካከል ግን በየቀኑ፥ ከዚያ በፊት ማንም ያላለውን አዲስ ቅኔ በግዕዝ አዘጋጅቶ ለየኔታ ማሰማት አለበት።

ይህን የሚያደርገው እንዴት ነው? ከዛፍ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር ይሄድና ልብሱን በራሱ ላይ ተከናንቦ ይቀመጣል። ይህን «ቅኔ መቁጠር» ይሉታል። ያ መከናነብ ክፍሉ ነው፤ መጋረጃውም ጠረጴዛውም እሱ ነው። ከሰዓቱ ሲደርስ ሄዶ ይናገራል፤ የኔታ ያርሙታል፤ ምሥጢሩ የላላ ከሆነም በባልንጀሮቹ ፊት ያፍራል። የተነገረ ቅኔ ደግሞ ለነገ ስንቅ አይሆንም፤ ነገ ሌላ መቁጠር ነው።

እኔ በዚህ ሥርዓት የማደንቀው መጠኑን ነው። ጀማሪውን መወድስ ቁጠር ብለው አያስጨንቁትም፤ መወድስ ስምንት ቤት ያለው ነው። የሚጀምረው በጉባኤ ቃና ነው፤ ይኸውም ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሦስት ቤት ይሄዳል፤ እያደርም ወደ አምስትና ወደ ስድስት ይወጣል። እኛ ዘመናዊዎቹ ግን ከአራት መቶ ገጽ ልብ ወለድ እንጀምርና፥ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ስንደክም «መንፈሱ አልመጣልኝም» እንላለን። ሁለት መስመር የጠየቁት መንፈስ ግን ብዙ ጊዜ አይኰራም።

ከቀለም ትምህርት ወዲያም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በልጅነታቸው ቅኔ የተማሩት ሐዲስ ዓለማየሁ ዘመናቸውን ያሳለፉት በመንግሥት ሥራና በዲፕሎማሲ ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትም ሥራ ፈትተው አይደለም። በዓሉ ግርማ የጋዜጠኛን የዕለት ሩጫ እየሮጠ በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር»ን አወጣ። እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። በማለዳ ተነሥቶ ወደ ቢሮ ከመሄዱ በፊት፥ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ይጽፍ እንደ ነበር ራሱ በሕይወት ታሪኩ ተናግሯል። ደግሞም በማለዳ የሚቀሰቅሰው አሽከር ነበረው፤ ለዚሁም በዓመት አምስት ፓውንድ ጭማሪ ይከፍለው ነበር። በእኛ ቤት በማለዳ ተነሥታ እሳት የምታነድ እናት ወይም እኅት ናት፤ የሚከፍላትም የለም። ጸጥታ አጣሁ የምንል ወንዶች ይህን ብናስብበት መልካም ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የነቢይ መኰንን ታሪክ ነው። በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፥ የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጐመው፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ወረቀት አልነበረውም፤ ብቻውን የሚሆንበትም ክፍል አልነበረውም። የነበሩት ታሪኩን የሚፈልጉ የእስር ጓደኞች ነበሩ። የቅኔው ተማሪ የኔታ እንዳሉት፥ እሱም የሚጠብቀው ጆሮ ነበረው። ባልንጀራዬ ከዚያ ከጸጥተኛው ክፍሉ ያጣው ይህን ይመስለኛል። ምዕራፉን ቢጨርስም ባይጨርስም የሚጠይቀው ሰው አልነበረም።

ጸጥታ ብቻውን ምን እንደሚመስል እኛ በዚህ አገር ያለን ሰዎች አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ጦርነት ሲነሣ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ማታ በጊዜ በር ይዘጋ ነበር፤ መንገዱም ጭር ይል ነበር። ጊዜ ተረፈን፤ ጸጥታም ሞላ። ነገር ግን ጆሮ ሁሉ ወደ ውጭ ተተክሎ የሚያድርበት ጸጥታ ነበርና፥ በዚያ ወራት ጻፍሁ የሚል ከባልንጀሮቼ መካከል አላገኘሁም። ስለዚህ «ጸጥ ሲል እጽፋለሁ» የሚለኝን ሰው አሁን ስሰማ፥ የትኛውን ጸጥታ ነው የምትለው ለማለት ይቃጣኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ መጻፍ ከፈለጉ አስቀድመው ክፍል አይፈልጉ፤ አንድ ጆሮ ይፈልጉ። በተወሰነ ቀን ሁለት መስመር የሚጠይቅዎ ሰው ይኑር፤ ጓደኛ ቢሆን፥ ወንድም ቢሆን፥ የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ቢሆን ግድ የለም። ብቻ የሚያመሰግን ሳይሆን የሚጠይቅ ይሁን።

እኔም ይህን ከተማሪዎቼ ጋር ይዤዋለሁ። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ጥቂት ልጆች ይቀራሉ። ብዙዎቹ የመጡት ከፋርጣ ገጠር ነው፤ ለሦስትና ለአራት አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ለብቻ መሆን የሚባል ነገር አያውቁም። ሕጋችን ከየኔታ የተዋሰ ነው፤ ሁለት መስመር፥ በአማርኛ፥ ያለ ወረቀት፤ አንድ ጊዜ የተነገረም አይደገምም። በመጀመሪያው ሐሙስ ሁሉም አንገቱን ደፋ። በአራተኛው አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተነሣችና፥ እሑድ በመንገድ ላይ ስንቋን ተሸክማ የቆጠረችውን እንዲህ ብላ ተናገረች፤

ጉና በረዶውን ለብሶ ሲተኛ፥
እናቴ ነቅታለች፥ የሊጥ ዘበኛ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ወዲያው ተነሣና «ሊጥ ደግሞ ምን ሌባ አለበትና ነው ዘበኛ የሚያስፈልገው?» ሲል ተቃወመ። እሷም ሳትቀመጥ «እንቅልፍ ነዋ!» አለችው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ሁሉ ተነሣ፤ ግማሹ እንቅልፍ እንዴት ሌባ ይባላል አለ፥ ግማሹ ሊጥ ተረስቶ ሲኮመጥጥ አላየህም ወይ አለ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቁልፉን እያንቃጨለ በሩ ላይ እስኪቆምብንም ድረስ ክርክሩ አላባራም።