«ቪዲዮ አለዎት?»

ሰሞኑን ላንቻ አንድ ጁስ ቤት ተቀምጠን ክርክር ተነሳ፡፡ የሊጋችን ምርጥ ጎል አግቢ ማን ነው? ከመካከላችን ትንሹ ስልኩን አወጣና የአቡበከር ናስርን ጎሎች ተራ በተራ አሳየን፡፡ ጥግ ላይ ቡናቸውን የሚጠጡ አንድ ጋሼ ሳቅ አሉና «እናንተ ዮርዳኖስን መቼ አያችሁት!» አሉ፡፡ ልጁ ምን ቢመልስ ጥሩ ነው? «ቪዲዮ አለዎት?»

ጋሼ ዝም አሉ፡፡ እኔን ግን ነገሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፡፡

ፕሪሚየር ሊጉ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም ነው፡፡ በአራተኛው ዓመት፣ በ1993 ዓ.ም፣ የመብራት ኃይሉ ዮርዳኖስ ዓባይ 24 ጎል አግብቶ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ፤ ዋንጫውንም ክለቡ ወሰደ፡፡ «ያኔ ተከላካይ የት ነበርና!» የሚሉ አሉ፡፡ እሺ፣ ያን ያህል ቀላል ከነበረ ቁጥሩን ለማለፍ ለምን 16 ዓመት ፈጀ? የደደቢቱ ጌታነህ ከበደ በ2009 ዓ.ም 25 ሲያገባ ያለፈው በአንዲት ጎል ነው፡፡ አቡበከር በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ 29 ያደረሰው ደግሞ በ2013 ዓ.ም ነው፡፡

ቁጥር ብቻውን ግን አይዳኝም፡፡ ጌታነህ 25ቱን ያገባው 16 ክለቦች በተወዳደሩበት፣ አንድ ክለብ 30 ጨዋታ በሚያደርግበት ዓመት ነው፡፡ በአቡበከር ዓመት ክለቦቹ 13፣ ጨዋታው 24 ብቻ ነበር፡፡ ይህን ስታውቁ 29 ምን ያህል እንደምትከብድ ይገባችኋል፡፡ ሊጉም በዚያው ዓመት በዲኤስቲቪ መታየት ስለጀመረ ጎሎቹ በእጃችን አሉ፡፡ ከዮርዳኖስ ዘመን ለእኛ ለወጣቶቹ የደረሰችን ግን «24» የምትል ደረቅ ቁጥር ናት፡፡

አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው፡፡ ኳሷን በዱላ አርቆ መትቶ ሜዳውን ዞሮ መመለስ «ሆም ራን» ይባላል፡፡ በፈረንጆቹ 1876 ናሽናል ሊግ የተባለው ውድድራቸው ሲጀመር፣ በሆም ራን የመራው ጆርጅ ሆል የሚባል ሰው ነበር፡፡ በስንት? በአምስት! እንኳን ቪዲዮ ሬዲዮም አልነበረም፡፡ ጋዜጦቻቸው ግን ጨዋታውን በሰንጠረዥ እየመዘገቡ ያትሙ ስለነበር፣ ሰውየው ይኸው ዛሬም በስሙ ይጠራል፡፡

ስለዚህ ጥፋቱ የቪዲዮ እጦት አይመስለኝም፡፡ የእኛ አለመጠየቅ ነው፡፡ ከላንቻ ስታዲየም በእግር ይደረሳል፤ ያኔ በየሳምንቱ እዚያ ይውሉ የነበሩ ሰዎች ዛሬ አጠገባችን ቡና ይጠጣሉ፡፡ የትኛው ጎል፣ በማን ላይ፣ በየትኛው እግር ብለን እንጠይቃቸው፤ በዚያችው ቪዲዮ በምናይባት ስልክ እንቅዳቸው፡፡ ትዝታ ያሳስታል ካላችሁ ወመዘክር ሄዳችሁ ከድሮ ጋዜጣ ጋር አመሳክሩ፡፡

እኔ የፊታችን ቅዳሜ ጁስ ቤቱ ነኝ፡፡ የጋሼ ሂሳብ በእኔ ነው፡፡