ኪሎ ፎቶግራፍ አያነሣም

ካሜራ እንደ ቅቤ በኪሎ የሚመዘንበት ዘመን ላይ ደርሰናል። ወጣቱ ገዢ ዕቃውን መዳፉ ላይ ያኖርና ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ከከበደው «ካሜራ ማለት ይኼ ነው!» ይላል፤ ከቀለለው ከንፈሩን ይጥልና «ፕላስቲክ ነው» ብሎ ለሻጩ ይመልሰዋል። ፍርዱ ይኸው ነው፤ ይግባኝ የለውም። ሌንሱ አልታየ፣ ሻተሩ አልተሞከረ፣ በምን ዐይነት ባትሪ ድንጋይ እንደሚሠራ አልተጠየቀ!

እኔ ለዚያች ለተመለሰችው ካሜራ ጥብቅና ልቆም ነው። ክርክሬም ይህ ነው፦ ዛሬ በፊልም ፎቶግራፍ ማንሣት የሚሻ፣ ገንዘቡንም በላቡ ያገኘ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሠሩት አውቶፎከስ ማለትም በራሳቸው አነጣጥረው ምስሉን ከሚያጠሩት የፊልም ካሜራዎች አንዷን ይግዛ። ብረት ለበሷን ለሰብሳቢዎች ይተውላቸው።

«ስልክ እያለ ፊልም ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። የምኖረው ለገዳዲ ነው፤ አዲስ አበባ የምትጠጣውን ውሃ ከሚያቁረው ግድብ ብዙ ሳልርቅ። በየካቲት 2011 በለገጣፎ ለገዳዲ ቤቶች ሲፈርሱ አይቻለሁ። በ2015 ደግሞ አካባቢያችን ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ በሚባለው ውስጥ ተጠቃሏል። ትናንት የጤፍ ማሳ የነበረው ዛሬ ግንብ ነው። ያኔ የነበረውን ሰፈር፣ አጥሩን፣ ባሕር ዛፉን፣ በረንዳው ላይ ቡና ሲፈላ በስልኩ ያላነሣ አልነበረም፤ ዛሬ «እስቲ አሳዩኝ» ብትሉ ግን ስልኩ ተሰርቋል፣ ወይም ተሰብሯል፣ ወይም «ሜሞሪው ሞልቶብኝ አጠፋሁት» ነው መልሱ። ነገቲቭ ግን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ለንደን ድረስ ተሰደው፣ ያነሧቸው ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ2007 እዚያው ለሕዝብ የታዩት ነገቲቮቹን በመጠበቃቸው ነው። ለምን ፊልም ለሚለው ይህ ይበቃኛል፤ ወደ ዕቃው ልመለስ።

«ፕላስቲክ» የሚለው ስድብ አዲስ አይደለም። ሚኖልታ እ.ኤ.አ. በ1985 ሚኖልታ 7000ን ባወጣች ጊዜ የድሮዎቹ ባለሙያዎች የአማተር መጫወቻ አድርገው ነበር የቆጠሯት። (ሃኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፈጠራው የእኔ ነው» ብሎ ከስሶ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ሚኖልታ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደ ከፈለች ልብ በሉ፤ ለመጫወቻ እንዲህ ያለ ካሣ አይጠየቅም።) ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ኢኦኤስ 650ን ይዛ ስትመጣ ደግሞ የባሰ ድፍረት ሠራች፤ የቀድሞውን የሌንስ አንገት ጨርሳ ጣለችውና ደንበኞቿ ያከማቹትን ሌንስ ሁሉ ከአዲሱ ቦዲ ጋር የማይገጥም አደረገችው። ያኔ ያልረገማት አልነበረም። ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት ሳይቆይ በስታዲየሙ ዳር የተሰለፉት ፎቶግራፍ አንሺዎች በብዛት የያዙት ያንኑ የተረገመውን ካሜራ ሆነ። ኒኮን በበኩሏ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የነበረውን አንገት አልለቅም ብላ ኤፍ4ን፣ ኤፍ90ን፣ ኤፍ5ን፣ ኤፍ100ን አከታትላ አወጣች።

ከዚያ ምን ሆነ? ዲጂታል መጣ። የዋጋው ምስጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኤፍ100 ገበያ ላይ የዋለችው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኤፍ80 በ2000። በ2002 እና በ2003 ግን ዲጂታሎቹ ገበያውን መውረር ጀምረዋል። ስለዚህ እነዚህ ቦዲዎች ብዙዎቹ ሦስት አራት ዓመት ቢሠሩ ነው፤ ገና በጉልበታቸው ሳሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈባቸው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2006 ከሁለት በቀር የፊልም ካሜራዎቿን ማምረት ማቆሟን አስታወቀች፤ ሚኖልታም በዚያው ዓመት ከካሜራ ሥራ ወጣች። ካኖን ኢኦኤስ-1ቪን መሸጥ ማቆሟን የተናገረችው በ2018 ነው፤ የመጨረሻዋ ኤፍ6 ደግሞ በ2020 ተሰናበተች። በአንጻሩ ያቺ የምትመለክ ብረት ለበስ ኤፍኤም2 እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሠርግ፣ በልቅሶና በጦር ሜዳ ስትንከራተት የኖረች ናት። በጉልበት ካየነው ማናቸው ናቸው አሮጊት?

ሻጮች ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ተረት ይሸጣሉ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ነጋዴ አንዲት ኤፍኤም2 አውጥቶ «ይህቺ ጃንሆይን ያነሣች ናት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጃንሆይ ከዙፋን የወረዱት እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ካሜራዋ ስትወለድ ካረፉ እንኳ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል! ለዚህ ተረት የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በሰው ሻንጣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የት እንደ ደረሰ ለአንባቢ አልነግርም።

ይህ እብደት የእኛ ብቻም አይደለም። ኬንዳል ጄነር የተባለች አሜሪካዊት ሞዴል እ.ኤ.አ. በ2017 በጂሚ ፋለን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ስለ ኮንታክስ ቲ2 ብታወራ፣ የትንሿ ካሜራ ዋጋ ሰማይ ነካ። ቲ2 ላይዋ ታይታኒየም ነው፤ ውስጧ ግን እንደ «ፕላስቲኳ» ሁሉ ኤሌክትሮኒክ ነው። ሠሪዋ ኪዮሴራ እ.ኤ.አ. በ2005 የካሜራ ሥራውን ስለተወ፣ ውስጧ የተቃጠለ ቀን ታይታኒየሙ ለወረቀት መጫኛ ይሆናል።

እንግዲህ እንዴት ይመረጥ? ብዙ ሰው ቦዲዎቹን የሚያወዳድረው በፍጥነታቸው ነው፤ በሰከንድ ስንት ያነሣል፣ ስንት የማነጣጠሪያ ነጥብ አለው ይላል። አንዲት ባለ 36 ፊልም የሚገኝበትን ዋጋ እያወቃችሁ በሰከንድ ስምንት ምስል የምትጨርስ ኤፍ5 ምን ታደርግላችኋለች? የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ቤታችሁ ውስጥ፣ ወይም በወንድማችሁ ቦርሳ ውስጥ፣ ምን ሌንስ አለ? ይህች አገር በሠርግ አንሺ የተሞላች ናት፤ ብዙው ደግሞ በካኖን ዲጂታል ሲሠራ የኖረ ነው። ኢኤፍ የሚባሉት የካኖን ሌንሶች፣ ትናንት የተገዙትም ሳይቀሩ፣ ከ1987ቱ ኢኦኤስ 650 ጀምሮ በሁሉም የኢኦኤስ ፊልም ቦዲዎች ላይ ገጥመው ይሠራሉ። ለአነስተኛ ዲጂታሎች የተሠሩት ኢኤፍ-ኤስ ግን አይገጥሙም፤ መስታወት አልባ ለሆኑት አዲሶቹ ካሜራዎች የመጣው አርኤፍም እንዲሁ። ስለዚህ ባለ ካኖን ሰው ካሜራ መግዛት የለበትም፤ ላለው ሌንስ ፊልም የሚይዝ ጀርባ መግዛት ነው ያለበት።

በኒኮን በኩል ነገሩ ጠመዝማዛ ነው። ኤፍ100 በእጅ የሚዞሩትን የድሮ ኤአይ ሌንሶችም፣ በውስጣቸው ሞተር ያላቸውን ኤኤፍ-ኤስ ሌንሶችም ብርሃን ለክታ ታሠራለች። ኤፍ80 የድሮዎቹን ብታስገጥሟት ብርሃን አትለካላችሁም። ኤፍ90ኤክስ ደግሞ የብርሃን ቀዳዳ ማስተካከያ ቀለበት በሌላቸው ጂ በሚባሉት ሌንሶች ግማሽ አገልግሎት ብቻ ነው የምትሰጠው። ኢ የሚል ምልክት ያላቸው አዳዲስ ሌንሶች በአንዷም ላይ በትክክል አይሠሩም። ይህን የሚነግራችሁ ሻጭ ካገኛችሁ ደንበኛ አድርጉት። ሚኖልታ ዳይናክስ 9 እጅግ ድንቅ ካሜራ ናት፤ ሌንሷን እዚህ ለማግኘት ግን ዕድሜ ይጠይቃል፤ እለፏት።

ሁለተኛው ጥያቄ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም ይህ ነው። ለገዳዲ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ውርጩ ጣት ያደርቃል፣ ባትሪም ያደክማል። ጎሕ ሲቀድ ወጥታችሁ ካሜራው ዝም ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ኤፍ100 የምትበላው አራት ተራ ድንጋይ ነው፤ ሬዲዮ ውስጥ የሚገባውን፣ ከሱቅ በደረቴ የሚገኘውን። ኢኦኤስ 5 እና ኢኦኤስ 3 ግን 2ሲአር5 የሚባል ልዩ ሊቲየም ካላገኙ አይንቀሳቀሱም፤ እሱን ለማግኘት ዘመድ ከዱባይ መምጣት አለበት። ለአንዳንድ ቦዲዎች መፍትሔው ከቦዲው ሥር የሚገጠም፣ ተራ ድንጋይ የሚይዝ እጀታ ነው፤ ለኢኦኤስ 300 ቢፒ-200፣ ለኒኮን ኤፍ80 ኤምቢ-16 የሚባለው። ቦዲውን ስትጠይቁ እጀታውንም ጠይቁ።

ነውሯ ይነገር ከተባለም አልደብቅም። የኤፍ100 እና የኤፍ90ኤክስ ጀርባ ላይ ያለው ጎማ ከዕድሜ ብዛት እንደ ማር ይጣበቃል፤ በአልኮል ሲወለወል ግን ይለቃል (ጠንካራ አረቄም ሳይሆን አይቀርም የሚያስለቅቀው፤ ግን ያሳዝናል)። የመጀመሪያዎቹ ኢኦኤሶች ሻተር ላይ ያለው ማረፊያ ስፖንጅ እየቀለጠ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ቅጠሎቹን ያጣብቃል። ስለዚህ የኋላውን በር ከፍታችሁ ሻተሩን በደንብ እዩ፤ ጥቁር የሚጣበቅ ነገር ካያችሁ፣ ወይም የድንጋዩ ቤት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ካለ፣ ዋጋ አትጠይቁ፤ ሰላም ብላችሁ ውጡ።

ዋናው ሙግት ግን ይህ ነው፦ «ኤሌክትሮኒኩ ሲሞት ማን ይጠግናታል? ብረቷን ግን ሠሪ አያጣትም።» እውነት አለበት። በዓለምም ቢሆን ለተቃጠለ የኤፍ80 ሰሌዳ መለዋወጫ የሚያመርት የለም። ነገር ግን ጠይቄ ዐውቃለሁ፤ የማምነው አንድ ጠጋኝ ብረቷንም ቢሆን የሚሠራት ከሌላ ሙት ካሜራ ጥርስ እያወለቀ ነው። ታዲያ ሁለቱም መለዋወጫቸው ሬሳ ከሆነ፣ በአንዲት ብረት ለበስ ዋጋ ሁለትና ከዚያ በላይ «ፕላስቲክ» ገዝቶ አንዷን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ አይሻልም?

ከሰፈራችን አንድ ወጣት፣ አያቱን ሳይሞቱበት በፊልም ሊያነሣቸው ገንዘብ ሲያጠራቅም ከርሞ፣ «ጋሼ፣ የትኛዋን ልግዛ?» ሲል መጣ። ብረቷን ሊገዛ ቀብድ ሊከፍል አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ታላቅ ወንድሙ በካኖን ሠርግ ያነሣል። «የወንድምህን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተዋስና ኢኦኤስ 300 ፈልግ» አልኩት። ቅር አለው፤ ቀለለችበት። ገዛት ግን፤ በተረፈውም ገንዘብ ፊልም ገዛበት። ይህች ካሜራ አንድ ጠባይ አላት፦ ፊልሙ እንደ ገባ እስከ መጨረሻው አውጥታ ትጠቀልለውና፣ ምስል በተነሣ ቁጥር ወደ ቆርቆሮው ትመልሰዋለች። አያቱን ማድቤት ደጃፍ፣ ጤፍ ሲያበጥሩ፣ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ዐሥራ አራት ጊዜ ካነሣቸው በኋላ ታናሽ እኅቱ ስትነካካ የኋላውን በር ከፈተችው። ልጁ ሲያለቅስ ነበር የደረስኩት። ፊልሙን አጠብነው፤ የተነሡት ቀድመው ቆርቆሯቸው ውስጥ ገብተው ስለነበር ብርሃን የበላው ያልተነሣውን ነው። የመጨረሻዋ ብቻ ከዳር ትንሽ ጠቁራለች፤ አያቲቱ በዐሥራ አራቱም አሉ።