ቃራሚው አዘጋጅ

የመጽሔት አዘጋጅን «ቃራሚ» እያልን ከደራሲ በታች ማስቀመጣችን አይዋጥልኝም። ቃርሚያም እኮ እህል ነው።

የጫማ ሠሪ ልጅ የነበረው ኤድዋርድ ኬቭ እ.ኤ.አ. በ1731 ለንደን ላይ «ዘ ጄንትልማንስ ማጋዚን»ን ሲጀምር ለወርኃዊ ኅትመቱ የመረጠው ቃል ትርጉሙ ዕቃ ማከማቻ ነበር። የእኛ «መጋዘን» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ከዐረብኛ የመጡ ናቸው። ኬቭ በስሙ አላፈረም። የእህልና የአክሲዮን ዋጋ፣ የጋብቻና የሞት ዜና፣ የጥንት ቅርስ ወግ፣ ግጥም ሳይቀር አንዱን ከአንዱ ሳይንቅ ከተተበት። (የባንክ ሠራተኛ ነኝና የአክሲዮን ዋጋ ከግጥም ጋር መጎራበቱ ደስ ይለኛል።) የምክር ቤት ክርክር ማተም በተከለከለ ጊዜ እንኳ «የሊሊፑት ሸንጎ» የሚል ጭምብል አልብሶ አወጣው።

ሥነ ጽሑፍስ ከዚህ ሁሉ ቃርሚያ ምን አተረፈች? ሳሙኤል ጆንሰንን። ኋላ የአቢሲንያውን ልዑል ራሴላስን የጻፈው ይህ ሰው በ1738 ስሙ ያልታወቀ ድኻ ነበር፤ እንጀራውን የቆረሰው ከኬቭ መጋዘን ነው። ያንን የክርክር ዘገባ ለዓመታት ጻፈ። «ለንደን» የተሰኘው ግጥሙም የታተመው በኬቭ እጅ ነው። መዝገበ ቃላቱን፣ ልብ ወለዱን እናወድሳለን፤ ያበላውን ሰው ግን ማን ያነሣዋል?

ጆንሰን አልረሳውም። ኬቭ በ1754 ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በዚያው መጽሔት አወጣለት።