መሬቱ ተለካ፤ መዝገቡስ?

ማሳ ላይ ሜትር ሲዘረጋ ያየ ገበሬ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ስፋቱ አይደለም። "ደግሞ ምን ሊያደርጉብን ነው?" ነው የሚለው። ይህን ጥርጣሬ ካለማወቅ የመጣ አድርገው የሚያዩት ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። እኔ ግን ገበሬው የሚጠራጠረው ታሪኩን አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ ነው እላለሁ።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ በዘለቀው አስተዳደር መሬቱ የተለካው በቀላድ ነው፤ 66 ሜትር ገደማ በሚረዝም ጠፍር። ቀላድ በተጣለበት አገር ሲሶው ለባላባቱ ይቀርና የተረፈው ለመንግሥትና መንግሥት ለፈቀደለት ይደለደላል፤ ሲያርሰው የኖረው ሰው ደግሞ ጭሰኛ ይሆናል። ጎጃም በበኩሉ ርስቱን አላስለካም ብሎ ለዓመታት ተሟግቷል። በ1960 የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ "ግብሩ ሰበብ ነው፣ ቀጥሎ መሬታችንን ለክተው ርስታችንን ሊነጥቁን ነው" ብሎ አመፀ። ነገሩ የበረደው ጠቅላይ ገዥው ከተነሡና ውዝፉ ግብር ከተማረ በኋላ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ ተብሎ ሲታወጅ ደስታው ትልቅ ነበር። ድልድሉና ሽግሽጉ ግን ከዚያ በኋላም አልቆመም። አማራ ክልል ውስጥ የ1989ኙን ሽግሽግ የሚያስታውስ ሰው፣ ገመድ የያዘ ኮሚቴ ወደ ማሳው ሲመጣ የተሰማውን ዛሬም ይነግራችኋል። የተለካው ሊቀነስለት እንጂ ሊጸናለት አልነበረም።

ስለዚህ ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት የተሠራው ሥራ እንደ ቀላል መታየት የለበትም። መንግሥት ለመውሰድ ወይም ለማስገበር ሳይሆን "ይህ የአንተ ይዞታ ነው" ብሎ ለመጻፍ ገበሬው ማሳ ላይ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል። ምዝገባውን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ትግራይ ጀመረች፤ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ተከተሉ። በሚሊዮን የሚቆጠር አባወራና እማወራ የይዞታ ደብተር ተቀበለ። የተመረጡ የቀበሌ ኮሚቴዎች በገመድ እየለኩ፣ በሰሜን እገሌ፣ በምሥራቅ እገሊት፣ በደቡብ መንገድ፣ በምዕራብ ወንዝ እያሉ አዋሳኙን ይመዘግቡ ነበር። ካርታ አልነበረውም፤ ዋጋውም እጅግ ርካሽ ነበር። ያም ሆኖ በትግራይም በአማራም የተካሄዱ ጥናቶች ደብተር ያገኘ ገበሬ እርከን ለመሥራትና የተሠራውን ለመጠገን ይበልጥ እንደሚነሣሣ አሳይተዋል። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ለሚቀጥለው ሽግሽግ ሲሳይ በሚሆን ማሳ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ የሚውል ሰው የለም። በአማራ ክልል ደብተር ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መለጠፉም የዋዛ ነገር አይደለም። ስትፋታ ባዶ እጇን ወደ አባቷ ቤት ትመለስ የነበረችው ሴት አሁን ለዳኛ የምታሳየው ወረቀት አላት።

የመጀመሪያው ደብተር ችግር አዋሳኞቹ ሰዎች መሆናቸው ነበር። ሰው ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ መሬቱን ለልጁ ይሰጣል። "በሰሜን እገሌ" የተባሉት ሰውዬ ካለፉ ወሰኑን የሚያውቀው የቀረው ጎረቤት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ባለጉዳይ ነው። ሁለተኛው ዙር የመጣው ይህን ለማቃናት ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው ፕሮግራም ብቻውን 14 ሚሊዮን ማሳ የመመዝገብ ዕቅድ ነበረው፤ ፊንላንድም በሌሎች ወረዳዎች ረድታለች። አሁን ገመዱ ቀርቶ ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣና የተስተካከለ ፎቶግራፍ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ይመጣል። ሥልጠና የወሰደ የአካባቢው ወጣት ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ ወጥሮ ከባለይዞታውና ከአዋሳኞቹ ጋር ወሰን ወሰኑን ይሄዳል። ሽማግሌዎች መጀመሪያ ግር ይላቸዋል። አንዲት ግራር ወይም የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያገኙ እንደሆነ ግን ከዚያ በኋላ የሚመሩት እነሱ ናቸው። "ልጄ፣ እዚህ ጋ ሳይሆን ከቦዩ ወዲያ ነው መስመሩ" ይላሉ፤ ጎረቤትም "እውነታቸውን ነው" ካለ ብዕሩ በፎቶው ላይ ያልፋል። ካልተስማሙ ማሳው ክርክር ያለበት ተብሎ ምልክት ይደረግበታል። ሁሉም ካለቀ በኋላ ውጤቱ ቀበሌው ውስጥ ለሕዝብ ይለጠፋል።

እኔ ከመሣሪያው ይልቅ የምወደው ይህን ነው፦ ሁለት ጎረቤታሞች በሦስተኛ ሰው ፊት ቆመው "እዚህ ነው" መባባላቸውን። ፎቶው አንድ ሜትር ቢስት ለገብስ ማሳ ምን ያህል ጉዳት አለው? መርካቶ ላይ ግን አንድ ሜትር የሱቅ በር ነው። ሁሉንም ቦታ በአንድ ዓይነት ጥራት እንለካ ብንል ኖሮ ገና አንድ ወረዳ ላይ በሆንን ነበር።

አንድ ነገር ግን ለገበሬው በወጉ ሳይነገረው ቀርቷል እላለሁ። ገመድ ቁልቁለቱን ተከትሎ ይዘረጋል፤ ካርታ የሚለካው ግን ወለሉን ነው፤ ተዳፋቱን አይቆጥርም። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የተዘረጋ 100 ሜትር ካርታ ላይ 87 ሜትር እንኳ አይሞላም። ገደላማ አገር ያለ ሰው አዲሱን ደብተር ሲያይ "አንድ ጥማድ የነበረው መሬቴ ወዴት ሄደ?" ቢል ምን ይፈረድበታል? መልሱ የሒሳብ ነው፤ የሚያስታውሰው ግን 1989ን ነው። ለዚህ አምስት ደቂቃ ወስዶ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የቀያሹ ሥራ አካል መሆን ነበረበት።

ዋናው ትዝብቴ ግን ከልኬቱ በኋላ ስላለው ነው።

አባት ግማሽ ሄክታር ትተው አለፉ እንበል። ሦስት ልጆች አሏቸው። የፌዴራሉ ሕግ ማሳ ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይሸነሸን ይከለክላል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ድስት የማታህል ማሳ ማንንም አታበላም። ልጆቹ ግን መብላት አለባቸው። ስለዚህ ከተስካሩ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ማሳው በሦስት ይከፈላል፤ ድንጋይ ይተከላል፤ ሁሉም በየድርሻው ያርሳል። በወረዳው መዝገብ ላይ ማሳው አንድ ነው፤ ባለይዞታውም ሟቹ አባት ናቸው። ከዓመታት በኋላ አንዱ ልጅ ከተማ ገብቶ ድርሻውን ለሌላ ሰው በወለድ አገድ ይሰጣል፤ ማለትም ገንዘቡ እስኪመለስ አበዳሪው መሬቱን ያርሳል። ውሉ ሦስት ምስክር ባለበት በደብተር ቅዳጅ ላይ ተጽፎ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ካርታው ግን አሁንም አባትየውን ነው የሚያውቀው። እንዲህ ያለው ማሳ በየቀበሌው ሲበዛ፣ ያ ሁሉ አውሮፕላን፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር የአንድ ቀን ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀራል።

ሩዋንዳም የገጠማት ይኸው ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ መዝግባ ዓለምን አስደነቀች፤ ቀጥሎ ግን ትንንሽ ማሳዎች በሽያጭም በውርስም ሲተላለፉ ሰው ወደ መዝገብ ቤት ሳይመጣ ይቀር ጀመር። የተመዘገበው ትክክል ነበር፤ ኑሮው ግን ከመዝገቡ ቀድሞ ሄደ።

የእኛ ባለሥልጣናት መግለጫ ሲሰጡ ይህን ያህል ሚሊዮን ደብተር ታደለ ይላሉ። በዚህ ዓመት ስንት ውርስ፣ ስንት ስጦታ፣ ስንት ፍቺ፣ ስንት ኪራይ ተመዘገበ ሲሉ የሰማሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ለልኬቱ ለጋሽ ይገኛል፣ ምረቃ ይደረጋል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። መዝገብ ማደስ ግን ደሞዝ፣ የሞተር ብስክሌት ነዳጅ፣ የማይቋረጥ መብራትና ሥራ በገባ በዓመቱ የማይዛወር ሠራተኛ ነው የሚፈልገው። ይህን የሚያስመርቅ የለም።

ወደ አፈሩ ስንመለስ ደግሞ ሌላ ክፍተት አለ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፣ ቁጥር 456፣ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይገባበት ይደነግግ ነበር፤ ከ31 እስከ 60 በመቶው ደግሞ ያለ እርከን እህል እንዳይዘራበት። ደንቡ ጥሩ ነው። የእያንዳንዱን ማሳ ተዳፋት ለማስላት የሚሆን የከፍታ መረጃም ቀያሾቹ ዘንድ ይገኛል። የገበሬው ደብተር ላይ ግን ስፋትና ወሰን እንጂ ተዳፋት ጎልቶ ተጽፎ አላየሁም። የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያው ስለ እርከን ይሰብካል፣ የመሬት አስተዳደሩ ደብተር ያድላል፤ ሁለቱ ካርታቸውን አንድ ላይ ዘርግተው ሲመክሩ ማየት ብርቅ ነው።

የወሉ ግጦሽስ? የግል ማሳ ሲለካ ባለቤቱ አለ፤ ቆሞ ይከራከራል። የወል መሬት ሲለካ ግን ባለቤቱ ሁሉም ነውና ማንም አይቆምለትም። በየዓመቱ በማረሻ አንድ ሁለት ትልም እየተገፋ፣ ሜዳው ጠብቦ የከብት መሄጃ ብቻ ይሆናል። የወንዝ ዳርም እንዲሁ፤ እስከ ውኃው ጫፍ ይታረስና ክረምት ሲመጣ ጎርፉ አፈሩን ይዞት ይወርዳል። ቅየሳ ለዘላቂ ልማት ይበጃል ሲባል እኔ የሚገባኝ ከሁሉ በፊት ይሄ ነው፤ ጠበቃ የሌለውን መሬት ቀድሞ መለካት፣ በችካል ማጽናት፣ በቀበሌው ስም መመዝገብ።

ከተሞቻችን ሲሰፉ ልኬቱ ወደ ገንዘብ ይለወጣል። ለልማት የሚነሣ ገበሬ ካሳው የሚሰላው በስፋት ነው፤ በተጻፈው ስፋት። የአዲስ አበባ ሰነድ አልባ ይዞታዎችም ከ1988 በፊት ስለመያዛቸው አንዱ ምስክር ያኔ የተነሣው የአየር ፎቶግራፍ ሆኗል፤ ሰው ሲረሳ ፊልሙ አልረሳም። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሀገራችን ነባር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ ስሙ ከሱዳንና ከግብፅ ድንበር አካባቢ ካለ የልኬት ነጥብ የመጣ ሲሆን፣ የዓባይ ተፋሰስ በ1950ዎቹ ሲጠና ወደ እኛ የተዘረጋ መረብ ነው። የእጅ ስልክና ጂፒኤስ ሳይታረሙ የሚሰጡት ቁጥር ግን በሌላ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ነው። ሁለቱ ሳይለዩ ቢደባለቁ ቦታው ካርታው ላይ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይሸሻል። ሁለት መቶ ሜትር ማለት የአንዱን ግቢ ዘልሎ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የሌላ ሰው ሳሎን ውስጥ መግባት ነው። እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚይዘው መሣሪያው አይደለም፤ በደንብ የተማረና ፊርማው የሚያስጠይቀው ቀያሽ ነው።

አሁን በ2016 የወጣው አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደር በር ከፍቷል። አበዳሪው የሚያየው መዝገቡን ነው። መዝገቡ ላይ ያሉት ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸው ሰው ከሆኑ፣ በእርሻው ላይ ያለው ልጅ ለማዳበሪያ የሚሆን ብድር ከየት ያገኛል?

ከባዱን ሥራ ጨርሰን ቀላሉ ላይ የቆምን ይመስለኛል። ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በቀበሌ ይመዘገባል። ከአራቱ ሦስቱ ማለትም ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት፣ የመሬት መዝገብን የሚነኩ ናቸው። የወሳኝ ኩነት ሠራተኛው የሞት ምዝገባ በጻፈ ቁጥር አንዱ ቅጂ በቀጥታ ለመሬት አስተዳደር ይድረስ፤ የሟች ማሳ ተለይቶ ወራሾች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይጠሩ፤ ለመጀመሪያው የውርስ ዝውውር ክፍያ አይጠየቅ፤ ቀያሹም በየበጋው፣ ከአዝመራ በኋላ፣ ቀን ቆርጦ ወደ ቀበሌው ይውረድ እንጂ ባለጉዳዩ ሙሉ ቀን ተጉዞ ወረዳ ድረስ አይምጣ። ይህ አዲስ አውሮፕላን አይጠይቅም። ለአንድ ወረዳ ሁለት ቀያሽ፣ አንድ ሞተር ብስክሌት፣ የውሎ አበልና በየዓመቱ በጀት ላይ የሚሰፍር አንድ መስመር ይበቃዋል። የዘንድሮው በጀት ለምክር ቤት ሲቀርብ የየወረዳው ተመራጭ ያንን መስመር ፈልጎ ቢያጣው፣ የት እንደሄደ ይጠይቅ።